የኢንሄለር አጠቃቀም ቃላት፤ በግስ፣ በስያሜና በምልክት ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል ሲመዘን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከፅንሰ ሐሳቡ ጋር መስማማቱና ለአነጋገር መመቸቱ ነው። በአንዳንድ ሙያዎች ግን ቃሉ ስም ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ስለሚሆን፣ ሰሚው ቃሉን በሰማበት ቅጽበት በሚፈጽመው ድርጊት ጭምር ሊመዘን ይገባዋል። የአስም መድኃኒትን በትንፋሽ አማካይነት ወደ ሳንባ የሚያደርሰው ኢንሄለር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን የአጠቃቀም መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ ቶሎ ወደ ብዕር የሚመጡትን ቃላት ይመረምራል። ክርክሩ ሁሉ በስያሜው ላይ ሲውል፣ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ግሱ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

መድኃኒትን መጥኖ በግፊት የሚረጨው የመጀመሪያው ኢንሄለር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካው ራይከር ላቦራቶሪስ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ቢሠራም ለቋንቋ ባለሙያ የሚጠቅመው ሁለቱን ታላላቅ ክፍሎች መለየት ነው። በመጀመሪያው ክፍል መድኃኒቱ በጋዝ ግፊት ይረጫል። ተጠቃሚው አስቀድሞ አየሩን ከሳንባው ያስወጣል፤ መሳብ ሲጀምር መሣሪያውን ተጭኖ በዝግታና በጥልቀት ይስባል፤ ከዚያም ትንፋሹን 10 ሰከንድ ያህል ይይዛል። በሁለተኛው ክፍል መድኃኒቱ ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱን የሚበትነው የተጠቃሚው የራሱ ኃይል ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፍጥነትና በብርታት መሳብ ያስፈልጋል፤ ወደ መሣሪያው መተንፈስ ግን ዱቄቱን ያባክነዋል፣ ያረጥበዋልም። ቼስት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ግምገማ የ40 ዓመታት ጥናቶችን አጠቃሎ እንዳመለከተው፣ ትክክለኛ አጠቃቀም የተገኘው በ31 ከመቶ ብቻ ሲሆን ይህም በዘመናት አልተሻሻለም። እንግዲህ በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ያላቸው ሕዝቦች ይህን ያህል ከተቸገሩ፣ በትርጉም የሚመጣው መመሪያ የባሰ ጥንቃቄ እንደሚሻ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ሒስ «ተነፈሰ» በሚለው ግስ ላይ ነው። ግሱ በጠቅላላ አነጋገር አየር ማስገባትንና ማስወጣትን አንድ ላይ ይይዛል፤ «በሽተኛው ይተነፍሳል» ሲባል ሁለቱም ማለት ነው። የአንድ ጊዜ ድርጊትን ሲገልጽ ግን ወደ ማስወጣት ያዘነብላል። ጎማ ተነፈሰ ሲባል አየሩ ወጣ፣ ምሥጢር ተነፈሰ ሲባል ከአፉ አወጣ ማለት ነው። ትንፍሽ አላለም የሚባለው አንድ ቃል ያላወጣ ሰው ነው፤ በረዥሙ ተነፈሰ የሚባለውም ጭንቀቱን ከአየሩ ጋር ያስወጣ ነው። ስለዚህ «አፍዎን ከመሣሪያው ገጥመው በረዥሙ ይተንፍሱ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን እፍ ሊልበት ይችላል። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟልና። «ወደ ውስጥ ይተንፍሱ» የሚለው ማሻሻያም ችግሩን አያስወግደውም። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ድርጊቱን የሚወስነው ማሰሪያ አንቀጹ ስለሆነ፣ ትንፋሽ አጥሮት የተጨነቀ ሰው ከፊት የተነገረውን አቅጣጫ ረስቶ በመጨረሻ የሰማውን ግስ ይከተላል።

«ሳበ» ከአቅጣጫ አንጻር ይህ አሻሚነት የለበትም። ሆኖም በቅርጹ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። በአማርኛ ከግስ በሚወጣ ቅርጽ ላይ «አለ» ወይም «አደረገ» እየታከለ ድርጊቱ እንዲለዝብ ወይም እንዲበረታ ይደረጋል፤ ሰበር አደረገ በጥቂቱ፣ ስብር አደረገ ፈጽሞ ማለት ነው። በዚሁ ሥርዐት ሳብ ማድረግ ለዘብ ያለውን፣ ስብ ማድረግ ብርቱውን ያመለክታል። የሚያለዝበው ቅርጽ የትሕትና መልክም ስላለው፣ «ሳብ ያድርጉት» የሚለው ለሕሙም የሚቀርብ የአክብሮት ትእዛዝ ሆኖ ለሁሉም መሣሪያ ሊነገር ይችላል። ትሕትናው የሚመሰገን ነው፤ የዱቄት መሣሪያ ለያዘው ሰው ግን ከሚፈለገው ተቃራኒውን ያዝዛል። ለሚረጨው መሣሪያም ቢሆን ዝግታውን እንጂ ጥልቀቱን አይነግርም። በመሆኑም ለመጀመሪያው ክፍል «ሳንባዎ እስኪሞላ ድረስ ቀስ ብለው ይሳቡ»፣ ለሁለተኛው «ከመጀመሪያው ጀምረው በኃይል ስብ ያድርጉ» ማለት ይሻላል። ቋንቋው ራሱ የሰጠንን ልዩነት መተርጐሚያው ላይ መጣል አይገባም።

ስያሜውን በተመለከተ አማርኛ ስም ለማውጣት የሚደረገው ጥረት እስካሁን ግልጽ ጥቅም ያስገኘ አይመስልም። «መሳቢያ» የጠረጴዛ ክፍል ስም ነው፤ «የመድኃኒት መሳቢያ» ቢባል ብዙው ሰው የሚፈልገው ከጠረጴዛው ውስጥ ነው። «የመተንፈሻ መሣሪያ» የሚለው ከላይ የተነቀፈውን ግስ ከመያዙም በላይ፣ በተለይ ከኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወዲህ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚገኘው መሣሪያ ጋር ይጋጫል። «መማጊያ» በሥርዐት የተሠራ ቃል ቢሆንም ማገ የሚለው ግስ የመጠጥንና የሲጋራን ትዝታ ይጐትታል። ኢንሄለርና ፓፍ ግን በአንደበት የሚነገሩ ቃላት ስለሆኑ የመጀመሪያው ለጽሑፍ ቢጸድቅ ጉዳት የለውም።

ሦስተኛው ሒስ «ግብረ መልስ» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። የመሣሪያ ነዳፊዎች መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ በመገንዘብ፣ መሣሪያው ራሱ ስለ አሳሳቡ እንዲናገር አድርገዋል። ከኤሮቻምበር ዓይነቶች አንዳንዶቹ ተጠቃሚው ከልክ በላይ ሲፈጥን ያፏጫሉ። በሃንዲሄለር ውስጥ መድኃኒቱን የያዘው እንክብል በሚገባ ሲሳብ ይንቀጫቀጫል። በጄኑኤር ላይ አረንጓዴ የነበረው መስኮት ትክክለኛው መሳብ ሲፈጸም ቀይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘውና በ2024 ከገበያ የተነሣው ፕሮኤር ዲጂሄለር ደግሞ የአሳሳቡን ፍጥነት ለክቶ ወደ ስልክ ያስተላልፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ግብረ መልስ ብሎ ማለፍ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ቃሉ በመሥሪያ ቤት ልማድ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ሆኖ ተለምዷል፤ ፉጨቱ ግን በመሳብ ላይ እያሉ የሚያርም ነው። ስለዚህ በድርጊቱ መካከል ለሚሰማው «ማስጠንቀቂያ» ወይም «ምልክት»፣ መፈጸሙን ለሚመሰክረው «ማረጋገጫ»፣ ቆይቶ ለሚነበበው «ዘገባ» ቢባል፣ ግብረ መልስ የሦስቱ ጠቅላላ ስም ሆኖ በነዳፊዎችና በተመራማሪዎች ጽሑፍ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ምልክት ያለ ቃል አይፈታም። የአንዱ መሣሪያ ድምፅ «ተሳስተሃል» ሲል የሌላው «በርታ» ይላል፤ በመንገድ ላይ ቁም የሚለው ቀይ በጄኑኤር ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ተርጓሚው «ድምፅ ይሰማሉ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ያፏጫል፣ ይንቀጫቀጫል፣ ቀጭ ይላል እያለ ድምፁን በዓይነቱ ሊጠራው፣ ደግ ይሁን ክፉም ከጎኑ ሊገልጥ ይገባዋል። በድምፅ ገላጭ ቃላት አማርኛ ባለጸጋ ነው።

ከዚህ የሚወጣው አሳብ አጭር ነው። ስም ከውጭ ሊዋሱት ይቻላል፤ ሰው ግን የሚታዘዘው በሚያስብበት ቋንቋ ግስ ነው። የቃላት ኮሚቴዎች የመሣሪያ ስም ባጸደቁ ቁጥር መሣሪያውን የሚያዝዙትን ግሶችም አብረው እንዲመረምሩ፣ ከማጽደቃቸውም በፊት መመሪያውን ለተጠቃሚ አንብበው የሚያደርገውን እንዲመለከቱ ያስፈልጋል። ሰሚው ሲታዘዝ አየሩ ወዴት እንደ ሄደ ማየት ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያስረዳል።