ከሜትር በፊት ክርን

ጥሊሊ ላይ ኩሽናዋን ልታሳድስ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ የምትመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የምታወጣው ስልኳን ነው። ነጭ ካቢኔት፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ እስከ ኮርኒስ የወጣ ቁም ሳጥን ታሳየኛለች። ‹‹ልክ እንደዚህ አድርግልኝ›› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹‹እትዬ፣ እስቲ ሽንኩርት እንደሚከትፉ ሆነው ይቁሙልኝ›› እላለሁ። ክርኗን አጥፋ ስትቆም ከወለሉ እስከ ክርኗ እለካለሁ፤ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም እቀንሳለሁ። የሥራ ጠረጴዛዋ ቁመት ይኸው ነው።

ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። የመጀመሪያውን የኩሽና ካቢኔት የሠራሁት በ90 ሳንቲም ነበር፤ የተለመደው ልክ እሱ ነው ሲባል ሰምቼ። ያሠሩኝ እናት አጠር ያሉ ናቸው። ከወር በኋላ ጎራ ብዬ ባያቸው፣ ከእግራቸው ሥር ጣውላ አንጥፈው እዚያ ላይ ቆመው ይከትፋሉ። ‹‹ግዴለም የኔ ልጅ፣ ያምራል እኮ›› አሉኝ። ያ ‹‹ግዴለም›› እንቅልፍ ነሳኝ። በነጋታው መጋዜን ይዤ ሄጄ፣ ጠረጴዛውን አንስቼ የታችኛውን ሳጥን 8 ሳንቲም አሳጠርኩት።

ድሮ በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ይለካ የነበረው ሜትር ስላልነበረ ብቻ አይመስለኝም። ክንድ ማለት ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው፤ ልኩ ከሰው አካል አይርቅም። ሜትር ግን ጠረጴዛው ፊት ማን እንደሚቆም አያውቅም። የላይኛውንም ካቢኔት የምሰቅለው ይህን እያሰብኩ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ከ45 እስከ 50 ሳንቲም እተዋለሁ፤ ጎንበስ ስትል ግንባሯን እንዳይመታት ጥልቀቱን ከ30 እስከ 35 አደርገዋለሁ። የዕለት ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ በእግር ጣቷ ሳትንጠራራ እጇ የሚደርስበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለበዓል ድስት ይሆናል። ‹‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› ሲባል ስለ ስስት ይመስለናል። ለእኔ ግን ስለ መደርደሪያ ከፍታም የተነገረ ነው።

በስልክ ለምናያቸው ኩሽናዎች መነሻ የሚባለውን በ1926 እ.ኤ.አ. የነደፈችው ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ናት። ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የተሠራ ሲሆን፣ 1.9 በ3.4 ሜትር በምትሆን ጠባብ ክፍል ውስጥ እርምጃ እየቆጠበ ሁሉን ለእጅ ያቀርባል። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተገጥሟል። እኔን የነካኝ ግን በመስኮቱ ሥር የነበረው የሥራ ጠረጴዛና በርጩማው ነው፤ ተቀምጦ ለመሥራት የታሰበ ነበር። የእኛም እናቶች ድንች የሚልጡት፣ ጎመን የሚቀነጥሱት፣ ቡና የሚለቅሙት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር ካቢኔት የማይገባበት ቦታ እተዋለሁ። ስዕል ላይ ባዶ ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይጠፋው ግን እዚያ ነው።

ከሰው ቀጥሎ የምለካው ዕቃውን ነው። የተለመደው የታችኛ ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲም ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ወደ 60 ይጠጋል፤ የኤሌክትሪኩ ከነማቀፊያው ያልፈዋል። ካቢኔቱ ላይ ቢቀመጥ ጠርዙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከፍታውም አይመችም፤ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ስታፈስ እጇ ከወዲያኛው ጠርዝ መድረስ አለበት። ስለዚህ ለምጣዱ የብቻው ማስቀመጫ እሠራለሁ፦ ጥልቀቱ 75፣ ከፍታው ከሥራ ጠረጴዛው በ20 ሳንቲም ያነሰ። ከበላዩ ምንም አልሰቅልም። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቺፑዱንም ኤምዲኤፉንም ከጠርዙ ያሳብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ሊጥ ያለበት ቡሃቃ፣ ሙቀጫውና ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን መሐሉ ላይ መደርደሪያ ባለው ሳጥን አይገቡም፤ ለእነሱ አንዱን ሳጥን ወጥ አድርጌ ያለ በር እተወዋለሁ።

ስታይሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥሊሊ ባለችበት በአዊ ክረምቱ ረጅም ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎኑ ይሰፋል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከሰፊ ጣውላ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ በር ሐምሌ ላይ አልዘጋ ይላል፣ የካቲት ላይ ይሰነጠቃል። ክፈፍ ያለው በር የመጣው ለጌጥ አይደለም፤ መሐሉ ላይ ያለው ሰሌዳ ያለ ኮላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ወቅቱ እንዲሰፋና እንዲጠብ ነው። እኔ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር እተውለታለሁ። ኤምዲኤፍ ለምትመርጥ ደግሞ ሜዳ በር እመክራለሁ፤ ቅርጽ የበዛበት በር የዘይት ጤዛና የበርበሬ ብናኝ ያጠራቅማል፣ የምታጸዳውም እሷው ናት።

ከእንጨት ሁሉ የምወደው ዋንዛ ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። ግን ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጥድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ክፈፉን ከፈረንጅ ጥድ ወይም ከግራቪሊያ እሠራለሁ፤ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ዋንዛ ካለ ለበሮቹ ፊት ብቻ እቆጥበዋለሁ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ የላይኛውን ካቢኔት ልስን ላይ አልመታውም፤ ግድግዳውን አንኳኩቼ የቆመውን ባህር ዛፍ እፈልግና እሱ ላይ አስረዋለሁ። ወለሉንም ያለ ውሃ ልክ አላምነውም።

ልኩን ወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። ቀጭን የባህር ዛፍ ዘንግ እቆርጥና የክርኗን ከፍታ፣ የእጇን መድረሻ፣ የምጣዷን ስፋት በእርሳስ አሰምርበታለሁ። የመጀመሪያውን ዘንግ የቆረጥኩት 8 ሳንቲሙን ያሳጠርኩ ዕለት ነው። ባለፈው ዓመት እኒያ እናት ወደ ልጃቸው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ‹‹እንደኔው አድርገህ ሥራላት›› አሉኝ። ዘንጋቸውን ይዤ ነበርና ልጅቱ አጠገብ አቆምኩት። ክርኗ ከእናቷ ምልክት አራት ጣት አልፎ ሄደ። እናትየው ዘንጉን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ‹‹እንግዲያ ለእሷ ሌላ ቁረጥላት›› አሉኝ።