የጂጂ አልበሞች፤ አንዱም እንዳይጎድል

የአንድን ዘፋኝ ጥሩ ጥሩውን መርጦ የቀረውን ትቶ መኖር ይቻላል። አብዛኞቹን የምንሰማው እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ካሴት ሁለት ዘፈን፣ ከሌላው አንድ። ከእጅጋየሁ ሽባባው፣ ከጂጂ፣ ሥራ መርጬ ልያዝ የሚል ሰው ግን ዋናው ነገር ያመልጠዋል። የጂጂ አልበሞች እርስ በርስ ይተራረማሉ። አንዱ የሸፈነውን ሌላው ይገልጠዋል፤ በአንዱ ያጌጠው በሌላው ራቁቱን ይወጣል። አብረው ሲደመጡ ነው ይህች ሴት ምን ያህል የእጅ ሙያ ያላት አንጥረኛ እንደሆነች የሚታየው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልቁጠራቸው። «ፀሐይ» በ1997፣ «ዋን ኢትዮጵያ» በ1998፣ በስሟ የተጠራው «ጂጂ» በ2001። በ2003 ሁለት ወጡ፤ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» እና አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የቡድን ስም የተሠራው «ዛየን ሩትስ»። ከዚያ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» በ2006፣ በመጨረሻም «ምስጋና ኢትዮጵያ» በ2010። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ «ይቅርብኝ» ብዬ የማልፈው የለም፤ እኩል ስለምወዳቸው ግን አይደለም።

ስለ አልበሞቹ ከመናገሬ በፊት ስለ ድምፅዋ ልናገር። ጂጂ በጎጃም ቻግኒ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በልጅነቷ ከቄስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደተማረች ተናግራለች። ይህን የማያውቅ ሰው እንኳ ጆሮው ላይ ይደርሰዋል። እኛ ሰፈር፣ ላፍቶ፣ ኅዳር 12 ሌሊት ከላፍቶ ሚካኤል የሚመጣውን ማሕሌት ነቅቶ የሰማ ሰው የጂጂን ድምፅ አካሄድ ለመረዳት ሌላ መምህር አያስፈልገውም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ድምፅ እንዴት እንደሚሄድ ያዛሉ። ድምፅን ወደ ታች የሚጥለው ድፋት ነው፤ ያዝ የሚያደርገው ይዘት፣ የሚቆርጠው ቁርጥ፣ እያንከባለለ የሚያወርደው ርክርክ። ጂጂ አንድን ድምፅ ስታወጣ መጀመሪያ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፤ አታርገበግበውም፣ አታስጌጠውም። ጌጡ የሚመጣው መጨረሻው ላይ፣ ቃሉ ሊያልቅ ሲል ነው። እዚያ ላይ ድምፅዋ በትንንሽ ደረጃ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ከመሬት ሳይደርስም ቁርጥ ይላል።

ብዙ ዘፋኞች ጌጡን ፊት ያመጡታል። ገና ቃሉ ሳይጀመር ድምፃቸውን ያሽከረክሩታል፤ አድማጩ ጉሮሯቸውን አድንቆ ግጥሙ ያልፈዋል። ጂጂ ቃሉ ተሰምቶ እስኪያበቃ ትጠብቃለች። ድምፅዋ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ እንደ አስቴር አወቀ ከደረት ፈንቅሎ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ በጉልበት ልታሸንፍ አትሞክርም። መሣሪያው ምንም ያህል ቢበዛ እሷ ከላይ፣ ማንም በሌለበት ከፍታ ላይ፣ ቦታዋን ይዛ ትቆያለች። ይህ ሙያ ከአልበም አልበም አይለወጥም። የሚለወጠው ዙሪያው ነው፤ ሁሉንም መያዝ ያለብንም ለዚሁ ነው።

«ፀሐይ» እና «ዋን ኢትዮጵያ» የሌሎቹን ያህል አይነሱም፤ እኔም ብዙ አልቆይባቸውም። ግን መነሻው እዚያ ነው። ዓለም ሳይሰማት በፊት የአዘፋፈን ልማዷ ተሠርቶ ማለቁን የሚያረጋግጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ኋላ ላይ «ፈረንጆቹ ናቸው የሠሯት» ለሚል ሰው መልሱ በእነሱ ውስጥ አለ።

የ2001ዱ «ጂጂ» የሚያስቆም ሥራ ነው። ያወጣው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ የኩባንያው መሥራች ደግሞ አይላንድ ሪከርድስን አቋቁሞ ቦብ ማርሌን ለዓለም ያሰማው ክሪስ ብላክዌል። አዘጋጁ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ሲሆን ያመጣቸው ሰዎች ስም ብቻውን ያስደነግጣል፦ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ። ሃንኮክና ሾርተር በ1960ዎቹ በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ላስዌል ከሃንኮክ ጋር በ1983 «ሮክኢት»ን ሠርቷል፤ የፋሮ ሳንደርስን የ1996 አልበም ያዘጋጀውም እሱ ነው። ስለዚህ ስብስቡ ለስም የተጠራ እንግዳ አልነበረም፤ የኖረ የሥራ ጓደኝነት ነው።

ይህ ሁሉ ሊቅ በተሰበሰበበት አንዲት የቻግኒ ልጅ ልትዋጥ ትችል ነበር። አልተዋጠችም። አልበሙን ስሰማ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ታላላቆቹ ምን ያህል ዝቅ እንዳሉላት ነው። ሳክስፎኑ ድምፅዋን አቋርጦ አይገባም። እሷ ትንፋሽ በምትወስድበት ክፍተት ገብቶ ተናግሮ ይወጣል። የላስዌል ቤዝ ደግሞ ከሥር ወለል ይሆናል፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ጥቂት ድምፅ የሚደጋገምበት። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝታችን ከላይ ብዙ ነገር ሲጫንበት ይጨነቃል። ላስዌል ይህ ገብቶታል፤ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ ትቶታል።

አልበሙ ሲወጣ እዚህ አገር ቤት ያልወደደው ሰው ብዙ ነበር። የአገሯን ዜማ አበላሸችው ተባለ፤ ከበሮው የእኛ አይደለም፣ ምቱ የእኛ አይደለም ተባለ። የተቃወሙት ሰዎች የሚወዱትን ነገር ሊጠብቁ ነበርና አልንቃቸውም። ግን የሰሙት ዙሪያውን ነው። ከበሮውን ትተው የቃሉን መጨረሻ፣ ያችን ተንከባላ የምትወርደውን ድምፅ ቢከተሉ ኖሮ ከቻግኒ አንድ እርምጃ እንዳልራቀች ያዩ ነበር።

«አባይ»ን እንውሰድ። ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባለ በተረት ሲታማ የኖረ ወንዝ ነው። ጂጂ ሐሜቱን ትታ እንደ ቆንጆ ሰው ታወድሰዋለች፤ ውበቱን፣ ግርማውን፣ አለማርጀቱን። ድምፅዋ በውዳሴው ላይ ሲረዝም ትንፋሹን የት እንደምትሰርቅ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ በቃላት መካከል ሳይሆን በቃል ውስጥ የምትሰርቅ ይመስለኛል፤ መስመሩ ሳይበጠስ የሚሄደው በዚህ ነው። ዘፈኑ ሲወጣ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሊጣል አሥር ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ድንጋዩ ሲጣል ዘፈኑ ዳግም ተወለደ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም የማይሰማበት ቦታ አልነበረም። ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ በእሷ በቻግኒ በኩል ማለፉን ሳስብ ደስ ይለኛል።

የአልበሙ መዝጊያ «አድዋ» ነው። ስለ አድዋ የሚዘፈን ዘፈን ፉከራና ቀረርቶ ይጠበቅበታል፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ድምፅ ይነሣል። ጂጂ ዝቅ አለች። ምቱን አስቀረች፣ ዜማውን አዘገየች፣ ስለ ድሉ ሳይሆን ስለሞቱት ሰዎችና ስለ ሰው ክብር ዘፈነች። ከዘፈኖቹ ሁሉ ይበልጥ ጸሎት የሚመስለው ይህ ነው፤ ከያሬድ ዜማ ስልቶች የአራራይ ለስላሳነትና ሐዘን አለበት። በየካቲት 23 በየአደባባዩ ሲለቀቅ ጫጫታ ውስጥ የሚጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል። ማታ፣ መኪና ሲቀንስ፣ ብቻ ሆኖ የሚሰማ ሥራ ነው።

«ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን ብዙዎች ይዘሉታል። ላስዌል የ2001ዱን አልበም ወስዶ እንደገና ፈታው። የጃማይካ ዳብ ሠሪዎች በ1970ዎቹ ያደርጉት የነበረው ነው፤ ዘፋኙን ያወጡና ቤዙንና ከበሮውን ይተዋሉ፤ ከዚያ ከድምፁ ቁራጭ ወስደው ማሚቶ ያደርጉታል። ጂጂ እዚህ ዘፋኝ አይደለችም ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። ታዲያ ለምን ይገዛል? ከ2001ዱ ሥር የነበረው ወለል ያለ ሽፋን የሚታየው እዚህ ብቻ ስለሆነ። ይህን ሰምቶ ወደ ቀድሞው የተመለሰ ሰው መሣሪያዎቹ ምን ያህል ቦታ ለቀውላት እንደነበር ይገባዋል። ለብቻው ከሆነ ግን ቢቀርም አይቆጭም።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ቢመርጡልኝስ?» ሲለኝ «አንዱን አልመርጥልህም፤ ግን ከዛየን ሩትስ ጀምር» አልኩት። ከልቤ ነው። ይህ አልበም የወጣው በጀርመን፣ በፍራንክፈርቱ ኔትዎርክ ሜዲየን ነው። እዚህ የኤሌክትሪኩ ጋጋታ ወደ ኋላ ሸሽቶ ክራርና ዋሽንት ወደ ፊት መጥተዋል። በ«ባቲ ባቲ» ይከፈታል። ባቲን ያልዘፈነ ማን አለ? የወሎዋ ከተማ በስሟ የሚጠራ ቅኝት ያላት፣ በአዝማሪም በኦርኬስትራም ስንት ጊዜ የተወደሰች ናት። ይህን ያህል የተነካ ዜማ ይዞ አልበም መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ጂጂ አዲስ ለማድረግ ብላ አላጣመመችውም። ፍጥነቱን ገትታ በክራሩ ድግግሞሽ ላይ ድምፅዋን አሳረፈችው፤ ዜማው ገና ዛሬ የተሠራ ይመስላል።

የድምፅዋ ጥቃቅን ነገር ሁሉ እዚህ ይሰማል። ከንፈሯ ሲገጥም፣ አንዲት ፊደል በጥርሷ መሃል ስታልፍ፣ ትንፋሽ ስትስብ። «ገላ» ላይ ተቀባዮቹ ሲገቡ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትበልጣቸውም፤ እንዲያውም ትንሽ ታሳንሰዋለች፣ ከመካከላቸው ትገባለች፣ ከዚያ በአንድ ቃል መጨረሻ ላይ ብቅ ትላለች። የሰርግ ቤት ዘፈን ያደመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አውጪዋና ተቀባዮቹ ወሰናቸው አይለይም። የ2001ዱን አልበም የተቃወመ ወዳጅ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አሰሙት፣ ወዲያው ደግሞ ያንን። ያው ድምፅ፣ ያው አወራረድ፣ ያው ቁርጥ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

«ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ስሙን ከሰምና ወርቅ የወሰደ አልበም ነው፤ በ«ሰምና ወርቅ»ም ይጀምራል። ከሁሉም ይበልጥ የተለፋበት፣ ከሁሉም ይበልጥ የተወለወለ ሥራ ነው። ለእኔ ውልወላው አንዳንድ ቦታ ይበዛብኛል፤ ድምፁ ላይ የተደረበው ድምፅ ብዙ ሲሆን ያች የምወዳት የቃል መጨረሻ ትደበዝዛለች። «አምባሰል» ግን ያለ ይቅርታ ትልቅ ነው። ቅኝቱ ከባድ ነው፤ ተራራማ፣ የትዝታን ያህል እንኳ የማያባብል። ብዙ ዘፋኝ አምባሰልን ሲይዝ ወደ ልቅሶ ይወስደዋል። ጂጂ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ቆማ ዘፈነችው፤ ሐዘኑ ከቅኝቱ ይምጣ ብላ ለቅኝቱ ተወችለት።

«ምስጋና ኢትዮጵያ» ማቴሪያል ከሚባለው የላስዌል ቡድን ጋር የወጣ ነው። የቡድን ጨዋታ ትኩሳት አለው፤ ሙዚቀኞቹ እየተያዩ ሲጫወቱ የሚመጣው ጥድፊያና መተላለፍ ይሰማል። ለጀማሪ አልሰጠውም። ሌሎቹን ለሚያውቅ ግን ደስታው ልዩ ነው፤ በስቱዲዮ የታነጸው አሠራር በላብ ውስጥም እንደሚቆም ያሳያል።

አንድ ሌላም አለ፤ የጂጂ ባይሆንም ከጂጂ አልለየውም። እህቷ ትዕግስት ሽባባው የዘፈነችበት «ቦሌ ቱ ሃርለም»፣ የ2006 ሥራ። አዲስ አበባና ኒው ዮርክ የተገናኙበት ፈጣን፣ ተጫዋች አልበም ነው። ትዕግስት በ2008 በወጣትነቷ አረፈች። ድምፅዋ ከእህቷ ይወፍራል፣ ወደ መሬት ይቀርባል፤ አወራረዱ ግን የአንድ ቤት ነው። ሁለቱን አከታትለው ሲሰሙ ያ የቃል መጨረሻ ልማድ የአንዲት ሴት ብልሃት ብቻ ሳይሆን በቻግኒ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮ ያደገ ነገር መሆኑ ይገለጣል።

ጎረቤቴ እስካሁን ሦስቱን አግኝቷል፤ የሚሰማው ግን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነው። እዚያ ላይ የላስዌል ቤዝ ከነጭራሹ የለም፤ የ2001ዱ አልበም ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። በጥሩ ማዳመጫ፣ ካልሆነም ደህና ቤዝ ባለው ስፒከር ይሰማ ብዬዋለሁ፤ የእኔንም እንዲወስድ ፈቅጃለሁ። ከዛየን ሩትስ ቀጥሎ 2001ዱ፣ ከዚያ ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ፣ ከዚያ እንደገና 2001ዱ። ጎልድ ኤንድ ዋክስን ከ«አምባሰል» ይጀምር። ምስጋና ኢትዮጵያ ይቆይ። «ፀሐይ»ን የሰጠሁት ግን በአደራ ነው፤ ካሴቱ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።