የሳቁን ሂሳብ ማን ከፈለ?

ለክርስቲያን ወጣት ኮሜዲ ማየት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለሌላ እትም እናቆየው። እያያችሁት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ስለምታዩት ነገር እንነጋገር።

የአማርኛን ኮሜዲ በቴሌቪዥን የለመድነው በአብዛኛው በበዓል ዝግጅት ነው፤ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያስቁ ነበር፤ ተስፋዬ ካሳና ክበበው ገዳ ደግሞ ብቻቸውን ማይክ ይዘው። (ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ቀልዱን ተናግረው ሳይጨርሱ ራሳቸው ይስቃሉ።) «ማን ይበልጣል?» የሚለው ግን የቤተሰቡ የሶፋ ላይ ክርክር እንጂ የመድረኩ ጉዳይ አልነበረም።

ይህንኑ ክርክር ትርኢት ያደረገው በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ላስት ኮሚክ ስታንዲንግ» ነው፤ እስከ መጨረሻው የቆመው ኮሜዲያን እንደማለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ «ከእርሱ ይልቅ እኔ አስቃለሁ» የሚለውን ሰው በስም ይጠራል። አብሮ ቁርስ የበላውን ሰው ማለት ነው! በ2004 ከዳኞቹ መካከል ድሩ ኬሪና ብሬት በትለር ውጤቱ የእኛ ምርጫ አይደለም ብለው በይፋ ተቃውመዋል። ዳኛ እንዲህ ካለ እኛም የራሳችንን ሚዛን ብናወጣ ማን ይከለክለናል? የእኔ ሚዛን አንድ ጥያቄ ነው፤ ሕዝቡ ሲስቅ ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያውን ዓመት አሸናፊ ዳት ፋንን ሦስተኛ አስቀምጬዋለሁ። በቬትናም ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ልጅ ነው፤ በጣም ያሳቀውም የእናቱን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያስመስል ነው። ተሰጥዖውን አልክድም። እናትየው ግን መድረኩ ላይ የለችም፤ መልስ መስጠት አትችልም። አዳራሹ የሚስቀው ለእርሷ ካለው ፍቅር ይሁን «ይህች መጤ» ከማለት፣ ሳቁን ብቻ ሰምቶ መለየት አይቻልም።

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ሰፈር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ ስትወጡ ስንት ዓይነት አማርኛ ትሰማላችሁ? ለቡና ሀና ማርያምም እንደዚያው። ታዲያ በወጣቶች ኮንፈረንሳችን ድራማ ላይ የሚያስቀው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ዘበኛው፤ ወይም ከገጠር ገና የመጣችው የቤት ሠራተኛ። ጽሑፉ ደካማ ቢሆን እንኳ ዘዬው ያድነዋል፤ «ፀ»ን «ጠ» ካደረገ አዳራሹ ይፈርሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ግን በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። እሑድ ጠዋት «ወንድሜ» ብለን የምንጨብጠው እርሱን ነው።

ጴጥሮስን በሊቀ ካህናቱ ግቢ ያጋለጠው አነጋገሩ እንደነበር ማቴዎስ ጽፎልናል። የገሊላ ሰው ስለነበር ዘዬው አሳበቀበት። እዚያ እሳት ዳር የነበሩት ሰዎች እንደኛ ዓይነት ጆሮ ነበራቸው።

ሁለተኛዬ ኢላይዛ ሽሌሲንገር ናት። በ2008 ስታሸንፍ 25 ዓመቷ ነበር፤ ከሴቶችም የመጀመሪያዋ አሸናፊ ናት። ሴቶች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ድምፅ እየለዋወጠች ስታሳይ ራሷንም አታስቀርም። አንዳንዱ ቀልዷ ግን ከወላጆች ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም፤ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ዋዛ የጻፈውን እዚህ ላይ አስታውሱ።

አንደኛዬ የ2006ቱ አሸናፊ ጆሽ ብሉ ነው። ካሜሩን ነው የተወለደው፤ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ማለትም አንጎሉ ለሰውነቱ የሚልከው ትእዛዝ በትክክል አይደርስም። አንድ እጁ ሳያዘው ይንቀሳቀሳል። በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ ለአገሩ እግር ኳስ ተጫውቷል። መድረክ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን ልብ በሉ። ተመልካቹ መጀመሪያ ይጨነቃል፤ እጁን ልይ ወይስ አልይ? ልሳቅ ወይስ ኃጢአት ይሆንብኛል? ጆሽ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል፤ ቀልዱን የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ሰው ሲያየው ሰካራም ይመስለዋል፣ ያዝንለታል፣ ይሸሸዋል፤ እርሱ ይህን ሁሉ እየተረከ ሳያስቀይም መልሶ ይሰጠናል። መጨረሻ ላይ የሚሳቅበት የእርሱ እጅ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው።

«ራሱን እየሰደበ ማሳቅስ ጥሩ ነው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በየኅብረቱ እንዲወደድ ብሎ ስለ ውፍረቱ ወይም ስለ ድህነቱ ቀድሞ የሚቀልድ ልጅ አለ፤ ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም። ጆሽ ብሉ ከዚህ ይለያል፤ ፈቃድ እየለመነ አይደለም የሚቀልደው።

ዘፍጥረት 21ን አንብቡ። ሣራ በልጇ መወለድ ትስቃለች፤ የልጁም ስም ይስሐቅ፣ ሳቅ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ የአጋር ልጅ ሲስቅ ሣራ ታየዋለች፤ በዕብራይስጡ የሁለቱም ቃል ሥር አንድ ነው። አንዱ ሳቅ ለግብዣ ሆነ፤ ሌላው ቤት በተነ።

የሚቀጥለውን ኮንፈረንስ ድራማ የምትጽፉ ካላችሁ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዘበኛውን ለአንድ ዓመት አሳርፉትና መድረክ መሪውን ሞክሩት። «በአጭሩ እንጸልይ» ብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚወስደውን። ዘዬ አያስፈልገውም፤ ሰዓት ብቻ አሳዩ።