ኤላይዛና የጎዳና ቃል፦ ስለ ሾው «ፒግማሊዮን»

የእንግሊዞችን የጎዳና አነጋገር ለመንገደኛ እናስተምራለን የሚሉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ቃልን ከፍቺው ጋር ደርድረው ያበቃሉ። «ቺርስ» አመሰግናለሁ ነው፤ «ኩዊድ» ፓውንድ ነው፤ «ኦል ራይት?» ሰላምታ ነው። ፍቺውስ ልክ ነው። ታዲያ ማን ለማን ይለዋል? ይህን ያሳየን ጆርጅ በርናርድ ሾው ነው፤ በ1914 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በታየው «ፒግማሊዮን» ተውኔቱ።

አበባ ሻጯ ኤላይዛ ከፕሮፌሰር ሂጊንስ ዘንድ የባለጸጎችን አነጋገር ትማራለች። በሦስተኛው ገቢር ከእንግዶች መካከል ተቀምጣ፣ እንከን በማይወጣለት ድምፀት፣ የአክስቷን አሟሟት ታወጋለች። ቃሉ ግን የሰፈሯ ነው፤ በእኛ «ደፏት» እንደ ማለት። እንግዳይቱ ፍቺውን ብትጠይቅ፣ ሂጊንስ አዲስ የጨዋታ ፈሊጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። እነሱም አመኑ! ልጅቱ ክላራማ ፈሊጡን ለመልመድ ቸኮለች። ያው ቃል ከአበባ ሻጭ አፍ ሲወጣ ብልግና፣ ከለበሰች ወይዘሪት አፍ ሲወጣ ፋሽን ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። «አራዳ» የአዲስ አበባው ፒያሳ አካባቢ ስም ነው፤ ኋላ የነቃ ሰው መጠሪያ ሆነ፤ ያልነቃው ደግሞ «ፋራ» ተባለ። «ፒያሳ» ራሱ የጣሊያን ቃል ሲሆን እስከ ሐዋሳ ዘልቆ ባለአገር ሆኗል። በዚሁ በሐዋሳው ፒያሳ፣ አፉን በሲዳሙ አፎ ፈትቶ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ልጅ «ጨላ» ገንዘብ መሆኑን ባያውቅ ይሳቅበታል። ቃሉንማ በአንድ ቀን ያጠናዋል። የሚሳቀው ግን በመጣበት ስፍራ ነውና ማጥናቱ ብቻ አያድነውም።

በሾው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጀመሪያው ገቢር የኤላይዛን አነጋገር እንደ ድምፁ ለመጻፍ ይሞክርና፣ ከለንደን ውጭ ላለ ሰው አይገባም ብሎ ከጥቂት መስመር በኋላ ይተወዋል። በአምስተኛው ገቢር ደግሞ ኤላይዛ ራሷን ሰው አገር እንደገባ ሕፃን ቆጥራ፣ የገዛ ቋንቋዬን ረሳሁ ትላለች። ትልቁ የተውኔቱ ሐዘን ይኸው ነው። ዳሩ ግን ደራሲው ያን ቋንቋ ከወረቀቱ ቀድሞ ስላወጣው፣ አንባቢው የጠፋባትን ነገር በወጉ አያውቀውም። ተመልካቹ ይሻላል፤ ተዋናይቷ በድምፅዋ ትመልስለታለች።

ስለዚህ ተውኔቱን በዓይን ብቻ አትለፉት። ሦስተኛውን ገቢር ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ስትስቁም ሳቃችሁ በማን ላይ እንዳረፈ፣ በኤላይዛ ወይስ በእንግዶቹ፣ ተነጋገሩበት።