ኢሙሌተር አልነሳ ሲል

የአንድሮይድ ፕሮግራም መሥራት የሚማሩ ልጆች ብዙውን ጊዜ በእጃቸው ያለው ከውጭ የገባ ያገለገለ ኮምፒውተር ነው። ለሙከራ ተብሎ ሌላ ስልክ አይገዛም፤ ኢሙሌተሩ ነው ስልካቸው። እሱ «ቨርቹዋላይዜሽን አልበራም» ብሎ ሲቆም የሳምንቱ ትምህርት አብሮ ይቆማል።

መልእክቱ አንድ ይምሰል እንጂ ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው አቅም ተዘግቷል፤ ወይ ደግሞ ክፍት ሆኖ ሌላ ቀድሞ ይዞታል። የቱ እንደሆነ ሳይለዩ መነካካት ሌላ ችግር ይጨምራል።

መለያው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን መጫን። ከግራፉ ሥር ቨርቹዋላይዜሽን የሚል መስመር አለ። «ዲስኤብልድ» ካለ መንገዱ ወደ ባዮስ ነው፤ ኢንቴል ላይ «ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም ሞድ» ተብሎ ይገኛል። ኢንቴል ይህን አቅም እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ስላስገቡት ዛሬ የሚመጡልን አብዛኞቹ ማሽኖች አላቸው።

ትናንት በርቶለት ሲሠራ የዋለ ሰው ዛሬ ተመልሶ ሲመጣስ? ያኔ መጀመሪያ የማየው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልቷ፣ አልቃለች። በብዙ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ እሷ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ከፋብሪካ ወደወጣበት ሴቲንግ ይመለሳል፤ በዚያ ሴቲንግ ደግሞ ቨርቹዋላይዜሽኑ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ማስቸገራቸውም ከዚያው ከተሳሳተው ቀን የሚመጣ ምልክት ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ አንድሮይድ ስቱዲዮን ደጋግሞ እያራገፈ ሲጭን፣ ያን ሁሉ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ሲያወርድ ማየት ያሳዝነኛል። ባትሪዋን ቀይሮ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽኑን ዳግም ማብራት በቂ ነበር።

ታስክ ማናጀሩ «ኢኔብልድ» እያለ ኢሙሌተሩ እምቢ ካለ ግን ባዮስ ውስጥ የሚፈለግ ነገር የለም። አቅሙን የያዘው ሃይፐር ቪ፣ ዶከር የሚሠራበት ደብሊውኤስኤል 2፣ ወይም «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» የሚባለው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከበራ ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራው በሃይፐርቫይዘር ላይ ሆኖ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም አቅሙን በቀጥታ ልያዝ ቢል አይሆንለትም።

እዚህ ላይ በየቪዲዮው የሚሰጠው ምክር «ሁሉንም አጥፋ» የሚል ነው። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ አደገኛ ድራይቨር ወደ ከርነሉ እንዳይገባ የሚጠብቅ ነው። ከሰው ሰው በሚዞር ፍላሽ ፋይል የሚቀበል ተማሪ ይህ ጥበቃ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። የሚሻለው «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ማሽኑን ዳግም ማስነሳት ነው። በዚያ በኩል ኢሙሌተሩና ሃይፐር ቪ ሳይጣሉ ይሠራሉ። «መጀመሪያ ሃክሲም ጫን» የሚል መመሪያ ያገኘ ደግሞ ይተወው፤ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞታል።

ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኬቪኤም አለ፤ ችግሩ ተጠቃሚው በዚያው ስም በሚጠራው ግሩፕ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ጨምሮት፣ ሎግ አውት አድርጎ መግባት ነው።

ተነስቶ የሚንፏቀቅ ከሆነ የተመረጠው ሲስተም ኢሜጅ ኤአርኤም እንዳይሆን አያለሁ። ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ ላይ «ኤክስ86» የሚለው ካልተመረጠ እያንዳንዱ ትእዛዝ እየተተረጎመ ስለሚያልፍ የበራው ቨርቹዋላይዜሽን አያግዘውም። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን የትኛውም ሴቲንግ አያድነውም። ቁርጡን እነግረዋለሁ፤ ራም እስኪጨምር ድረስ የሚደውልበትን ስልክ በዩኤስቢ አገናኝቶ ፕሮግራሙን እዚያው ላይ እንዲሞክር አሳየዋለሁ።