ገመናና ዳኛው ተመልካች

አንድ ድራማ ተጽፎ፣ ተጠንቶና ተተውኖ ለሕዝብ ስለ ቀረበ ብቻ ሥራው ተጠናቀቀ አይባልም። ደራሲውና ተዋናዩ የየድርሻቸውን ካበረከቱ በኋላ ሦስተኛው ባለጉዳይ፣ ተመልካቹ፣ ፍርዱን ይዞ ይቀርባል። ርእሰ ጉዳዩ ትዳርና በትዳር ላይ የሚፈጸም ክህደት ሲሆን ደግሞ ይህ ፍርድ ይጠነክራል። ስለ ንግድ ወይም ስለ ፖለቲካ በሚተርክ ድራማ ላይ አስተያየት ለመስጠት የሚያመነታ ሰው ስለ ባልና ሚስት ለመናገር አያመነታም፤ ያገባው ከኑሮው፣ ያላገባው ከወላጆቹ ቤት፣ የፈታው ከቁስሉ እየቀዳ ይናገራልና። ስለዚህ የተመልካችን አስተያየት እንደ ተራ የቡና ወሬ አይቶ ማለፍ የሐያሲ ተግባር ሊሆን አይገባም። አስተያየቱ ራሱ ሊመረመር የሚገባው የድራማው አንድ ክፍል ነው።

በአገራችን የቤት ውስጥ ጉዳይ ወደ መድረክና ወደ ምስል መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ርእስ ነበረው። የአማርኛ ሲኒማ አፉን የፈታበት ጥያቄ ስለ ዙፋን ወይም ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን ስለ አንዲት ልጅ አባት መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት፣ የአዳነች ወልደገብርኤል ድርሰት የሆነው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የተሰጠው ስም «ገመና» ነበር።

ይህ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ገመና ማለት የሌለ ነገር ማለት አይደለም፤ የተሸፈነ ነገር ማለት ነው። በባህላችን የሰው ገመና የሸፈነ ይመሰገናል፣ የገለጠ ይወቀሳል። የድራማ ባሕርይ ግን መግለጥ ነው፤ ግጭት ካልተገለጠ ድራማ የለም። እንግዲህ ተመልካቹ ሸፍን ተብሎ ያደገበትን ነገር በገዛ ፈቃዱ ሊያይ፣ ያውም ከልጆቹና ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ሊያይ ይቀመጣል። አስተያየቱ ውስጥ የሚታየው ቁጣም፣ እፍረትም፣ ጉጉትም የሚመነጨው ከዚህ ቅራኔ ነው።

በቂርቆስ ግቢዎች የቡና ረከቦት ዙሪያ፣ በካዛንቺስ ቡና ቤቶች፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍሎች ስለ እንዲህ ያሉ ድራማዎች ሲሰማ የኖረው አስተያየት በሦስት ወገን ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ወገን ቅጣት ፈላጊ ነው። ክፉ የሠራ ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ክፍል ላይ ዋጋውን ካላገኘ ደራሲውን ራሱን ተባባሪ አድርጎ ይከሳል። ሁለተኛው ወገን ሸፋኝ ነው። ነገሩ በኑሮ ውስጥ መኖሩን አይክድም፤ በማያ ላይ መታየቱን ግን አይወድም፤ የቤት ጉዳይ በቤት ይለቅ ባይ ነው። ሦስተኛው ወገን ምክንያት ጠያቂ ነው። ሰዎቹ ለምን እዚህ ደረሱ ይላል። ይህ ወገን በቁጥር አነስተኛ ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ለኪነ ጥበብ ግን ዋነኛው ተመልካች እርሱ ነው።

የቅጣት ፈላጊውን ወገን ፍርድ ጠጋ ብሎ ለመረመረ አንድ መዛነፍ ጎልቶ ይታየዋል። የወሰለተው ባል ሲሆን ቁጣው በአብዛኛው የሚያርፈው ባሏን ነጠቀች በምትባለው ሴት ላይ ነው። የወሰለተችው ሚስት ስትሆን ግን ቁጣው ሌላ አድራሻ አይፈልግም። ባልየው ተታለለ፣ ሚስትየዋ ከዳች ይባላል። ወንዱ ስሕተት፣ ሴቲቱ ግን ጠባይ አላት እንደ ማለት ነው።

በዚህ በኩል ሕጉ ከተመልካቹ ቀድሞ ሄዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ፣ ዝሙትንም ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች ይመድብ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አመራር እኩል አደረጋቸው፤ መተማመንን የሁለቱም ግዴታ አድርጎ ሲያጸና፣ ለመፋታት ሲባል ጥፋተኛ መፈለግን ግን አስቀረ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም አመንዝራነትን በተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎ ያቆየው ለባልም ለሚስትም በእኩል ሚዛን ነው። የተመልካቹ ችሎት ግን ዛሬም የሚያስችለው በአሮጌው መጽሐፍ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ድራማዎቻችን ይህን መጽሐፍ ከተመልካቹ እጅ ይቀበላሉ ወይስ ደግመው ያትሙለታል የሚል ነው። ብዙዎቹ ያትሙለታል። ሌላዋን ሴት ቀይ ከንፈርና የሚያስፈራ ሳቅ ሰጥተው ሲያቀርቧት ተመልካቹ ከመፍረዱ በፊት ደራሲው ፈርዶ ጨርሷል።

ሁለተኛው ጉድለት የመቼት ጉድለት ነው። የድራማዎቹ ትዳር የሚኖረው በከተማው ዳርቻ ባለ አጥር ቪላ ውስጥ ነው። ሰፊ ሳሎን፣ ደረጃ፣ አውቶሞቢል አለ፤ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ግን አይታይም። ሥራ የሚሠራ ሰው የለም፤ «ቢሮ ነኝ» የሚል እንጂ ቢሮ የሚታይ የለም። የቤት ሠራተኛዋ በር ትከፍታለች፣ ትሪ ታቀርባለች፣ ሁሉን ትሰማለች፤ ስለ ሰማችው ግን ምን እንደምታስብ የሚጠይቃት አንድም ትዕይንት የለም። ገመናውን ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ሆና ሳለ ደራሲው ምላሷን ይቆልፈዋል።

ቪላው ለምን ተመረጠ ቢባል መልሱ በግድግዳው ውስጥ ነው። ካዛንቺስን እንውሰድ። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ቤቶች ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሹን በአጠገቡ ሠራ፤ የእንግዳ መዝናኛውና ቡና ቤቱ ተከተለ። የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ብዙውን ቤት የቀበሌ ቤት አደረገው። በዚያ ቤት ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ኮርኒሱ አቡጄዲ ነው። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ግቢው የጋራ ነው። ማን ማታ አምሽቶ እንደ ገባ፣ የማን ሚስት እንዳለቀሰች ግቢው ሁሉ ይሰማል። ይሰማል እንጂ አይናገርም። ገመና በዚያ ሠፈር ማለት የታወቀ ግን ያልተነገረ ማለት ነበር። ጉዳዩ ሲከፋ እናቶች ይገባሉ፣ የእድር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ።

ይህን ኑሮ ከልክ በላይ ማሞገስ ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ ተብሎ በተተረተበት ሸንጎ ላይ «ቻዪው» ተብላ ወደ ተደበደበችበት ቤት የተመለሰች ሴት ጥቂት አይደለችም። ቡና ቤት ውስጥ ትሠራ የነበረችውንም ሴት ሽምግልናው ከጥፋተኛ በቀር በሌላ ስም አልጠራትም። ሆኖም አንድ እውነት አለ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ፍርድ የሚሰጠው ሰው በማግስቱ ከተፈረደበት ሰው ጋር በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ቢያንስ ማግሥትን ያስብ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሥራ በአብዛኛው ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደመሰሉ የከተማዋ ዳርቻ ሠፈሮችና ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተዛወሩ። አሁን ቤቱ የሚቆለፍ በር፣ የራሱ ቧንቧ፣ ድምፅ የሚይዝ ግድግዳ አለው። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ነው። ነገር ግን በዚያው በር ጀርባ የሚፈጸመውን የሚሰማ ጎረቤት የለም። ባዶውን ቦታ የያዘው ማያው ነው። ተመልካቹ የጎረቤቱን ትዳር ማየት ሲያቅተው የድራማውን ትዳር ያያል፤ ለማስታረቅ የሚሄድበት ደጅ ሲያጣ ለመፍረድ ይቀመጣል። ዳኛ እንጂ ሽማግሌ መሆን አልቻለም፤ ገጸ ባሕርይን ማስታረቅ አይቻልምና። ስለ ዳርቻ ሠፈር ትዳር የሚጽፍ ደራሲ ሊይዘው የሚገባ ትልቁ ርእስ ይህ ለውጥ ነው፤ እስካሁን ግን ቪላውን እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ጉዳይ አልያዘውም።

የተመልካች ፍርድ ወደ ራስ ምርመራ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በቴሌቪዥን ሳይሆን በሬዲዮ ይገኛል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ትዳርን፣ የቤተሰብ ምጣኔንና ኤች አይ ቪን ይዞ ተነሣ። እርሱንና የኦሮምኛ አቻውን «ዲምቢባ»ን ተከትለው ከአድማጮች የደረሱት ደብዳቤዎች ከ15,000 በላይ ነበሩ። የድርሰቱ ስልት የሜክሲኮው የድራማ ሰው ሚጌል ሳቢዶ የቀመረው ሲሆን፣ ከመልካሙና ከክፉው ገጸ ባሕርይ መካከል ሦስተኛ፣ የሚዋልል ገጸ ባሕርይ ያቆማል። አድማጩ ራሱን የሚያገኘው በዚህ በሚዋልለው ሰው ውስጥ ነው። በክፉው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ በሚዋልለው ላይ ግን ራስን ሳይጠይቁ መፍረድ አይቻልም። እርግጥ ስልቱ አደጋ አለው፤ ትምህርቱ ከታሪኩ ቀድሞ የሚወጣበት፣ ገጸ ባሕርይ የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ቢሆንም አድማጭ ብዕር አንሥቶ እንዲጽፍ ያደረገው ነገር ከንቱ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የቲያትርና የፊልም ባለሙያዎች ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ። የሙያውን እንጀራና የባህልን ህልውና በሚመለከት ያነሡት ሥጋት ቀልድ አልነበረም። ነገር ግን ተመልካቹ ወደ ኢስታንቡል ሳሎን ሲሄድ ከቦሌ ሳሎን ነው የሄደው። ሁለቱም ዘንድ ያው ደረጃ፣ ያው ምሥጢር፣ ያው ደመወዝ የማይጠብቅ ሰው ነበረ። ከቂርቆስ የጋራ ግቢ የተነሣ፣ የራሱ ግድግዳና የራሱ ቧንቧ ያለው ድራማ ግን ከውጭ ሊገባ አይችልም።

የተመልካችን ጩኸት መስማትና ለጩኸቱ መታዘዝ የተለያዩ ናቸው። ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጣው «የአሻንጉሊት ቤት» ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። በጀርመን አገር ዋናዋን ክፍል እንድትጫወት የታጨችው ተዋናይ ልጆቼን ትቼ አልወጣም ብላ አሻፈረኝ ስትል ደራሲው ሌላ መጨረሻ ጽፎ ኖራን ከልጆቿ ደጅ መለሳት፤ ያን መጨረሻ ግን ራሱ በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ ግፍ ብሎ ጠራው። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው የተዘጋውን በር ነው። ለጩኸት የተጻፈው መጨረሻ ከጩኸቱ ጋር አለፈ።

ድራማ ደራሲዎቻችን ከሦስቱ ተመልካቾች ለየትኛው እንደሚጽፉ መምረጥ ይኖርባቸዋል። ለቅጣት ፈላጊው መጻፍ ጭብጨባ ያስገኛል፤ ለሸፋኙ መጻፍ ሰላም ያስገኛል። ለምክንያት ጠያቂው መጻፍ ግን ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ፣ ሠራተኛዋ ምን እንደምታስብ፣ ባልየው ለምን እንደ ዋለለ፣ ሌላዋም ሴት ማታ የት እንደምታድር መመለስን ይጠይቃል። መምህሩ በክፍሉ፣ የባህል ሠራተኛው በውይይቱ መድረክ ሊያሳድገው የሚገባው ይህንኑ ጠያቂ ነው። ገመናን መግለጥ ቀላል ነው፤ አንድ በር መክፈት ይበቃል። ከተገለጠ በኋላ ሰዎቹ በማግሥቱ እንዴት እንደሚኖሩ ማሳየት ግን የኪነ ጥበብ ሥራ ነው።