ፎቶግራፍ ቤትና የሰው ማዕረግ፤ ከደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ሲታይ

ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር «ኢትዮጵያ በፎቶግራፍ» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝኛ አሳትመው፣ ከ1867 እስከ 1935 በአገራችን የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው አቅርበዋል። ተበታትኖ የነበረውን ሀብት በአንድ ጥራዝ ስላገናኙት ምስጋና ይገባቸዋል። ከካፋ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ወገን ሆኖ ለሚመለከተው ግን ሁለቱ ዓመታት ራሳቸው ጥያቄ ያስነሣሉ።

መነሻው የጄኔራል ናፒር ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ወደ መቅደላ የዘመተበት ጊዜ ነው፤ መድረሻው የፋሺስት ወረራ ነው። በዚህ መካከል ካሜራ ሁለት ጠባይ ነበረው። በአዲስ አበባ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ ለቤተ መንግሥት ሲሠሩ ተነሺው ካባውን ደርቦ፣ አቀማመጡን መርጦ፣ ማዕረጉን አሳይቶ ይቀርብ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ግን ካሜራውን ይዞ የመጣው ተጓዥ ነበረ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ከተማረኩ በኋላ፣ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 ወደ አገሩ ገብቶ፣ ስለ ካፋ ያዘጋጃቸውን ሁለት ጥራዞች በ1920 እና በ1923 አሳተመ። በዚያ ዘመን በነበረው የነገድ ጥናት ልማድ ሰው አዘውትሮ የሚጻፈው በስሙ ሳይሆን በነገዱ ነበር፤ ፊት ለፊትና በጎን የተነሣው ሰው ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኖ ይቈጠር ነበር እንጂ እገሌ ተብሎ አይታወቅም።

ስለዚህ ለቡናው አገር የፎቶግራፍ ቤት ታሪክ የሚጀምረው መጽሐፉ ከሚያቆምበት ነው። ፎቶግራፍ ቤት በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሲስፋፋ፣ ቡናውን ሸጦ ዋጋውን የከፈለ ሰው ከመጋረጃው ፊት ቆሞ፣ ምናልባትም ኮትና ከረባት ተውሶ፣ ሊታይ እንደሚወድ ሆኖ ለመታየት ቻለ። የእኛ ሙያ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምስል ባህሉን አያሳይም በማለት ማለፍ ይቀናናል። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። አባቱ በገባርነት የተቈጠረ ሰው በኮት ሲነሣ፣ ልብሱ የእርሱ ባይሆን እንኳ ምኞቱ የእርሱ ነው፤ ስለ ማኅበራዊ ማዕረግ ለሚጠይቅ ተመራማሪም ይህ ምኞት ራሱ ማስረጃ ነው።

ፎቶግራፍ ቤቱም ቢሆን ለሁሉ እኩል አልነበረም። ገንዘብ የሌለው አልገባም፤ በመኳንንቱ ምስል ላይ ከጌታው ኋላ ጠመንጃ ይዞ የቆመው አሽከርም ብዙውን ጊዜ ስሙ አልተጻፈለትም። እንግዲህ በየቤቱ ግድግዳና ሳጥን የቀሩትን ምስሎች የሚሰበስብ ተማሪ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ልብሱ የማን እንደ ነበረና ምስሉ ለማን እንደ ተሰጠ አስቀድሞ ይጠይቅ። ስም የሌለው ምስል ብንሰበስብ የተጓዦቹን ጉድለት እኛው ደገምነው ማለት ነው።